በምርቃት የወጣው አልበም

ሰው ስለ ሙዚቃ ሲሳሳት ዝም ብዬ መስማት አይሆንልኝም። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ ዘፈን በሚሞሪ ስጭን እውላለሁ፤ ከደንበኛ ጋር ሳልጨቃጨቅ የመሸበት ቀን ትንሽ ነው። አንዱ የማይረባውን ያሞግሳል፣ ሌላው ደህናውን ያጣጥላል፣ እኔ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ተመልሳ ያመጣችውን አልበም ስታሰማኝ አልማርኋትም። «ይህን ማን አባቱ ይሰማዋል?» አልኋት። እሷም «አንተ ምን ታውቃለህ?» ብላ ድምፁን ጨመረችው።

አልበሙ ግላም ሮክ የሚሉት ዓይነት ነው። ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይደልቃል፣ ዘፋኞቹ ወንዶች ሆነው ሳለ ዓይናቸውን ተኩለው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው፣ የእኛ አገር ሙሽራ የማትደፍረውን ተረከዝ ተጫምተው ይቆማሉ። በሽፋኑ ላይ አራት ናቸው፤ አራቱም ወርቃማ ሸሚዝ ለብሰዋል። አንደኛው ሸሚዙ ጠቦት የተጨነቀ ይመስላል። ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት በገዛ አገራቸውም ብዙ ሰው አልሰማውም።

እህቴ አልበሙን ያገኘችው ትሠራበት በነበረው ቤት ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ክፍሉን እንዳለ ትቶት ስለነበር አቧራውን የምትጠርገው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ሲዲ አንስታ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል በየቀኑ ትጠርግ ጀመር። «አቧራ ባይኖርም እጠርግ ነበር» ትላለች እየሳቀች። ወደ አገሯ ስትመለስም ዘፈኖቹን ከነሽፋኑ በስልኳ ይዛ መጣች። ስለዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ አታወራም ነበር። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነበር» ትልና ወሬውን ትለውጠዋለች።

በተመለሰች ሰሞን ጉና ተራራ ሥር ወላጆቻችን ቤት ተሰብስበን ሳለ ስልኳን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝታ አልበሙን ከፈተችው። እናታችን ገና ጊታሩ ሳይጀምር «ግሩም ነው!» አለች። እህቴ ከመጣች ወዲህ እናታችን ያልወደደችው ነገር ስላልነበረ አስተያየቷን አልቆጠርነውም። አባታችን ግን አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት አዳመጡ። የመጀመሪያው ዘፈን እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና «እስቲ ከብቶቹን ልይ» አሉ። ከብቶቹን ያስገቧቸው ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት ነበር። እህቴ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ወደ ከተማ ስንመለስ መንገድ ላይ እህቴ «እኔ ያየሁትን በአፌ ልነግራቸው አልችልም» አለችኝ። «አባየ ግን ይህን አልበም አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቢሰሙልኝ ይገባቸዋል።»

«ቋንቋውን የማያውቁትን ዘፈን ሰምተው ምን ሊገባቸው ነው?» አልሁ።

«እኔስ መቼ ቋንቋውን አወቅሁት?» አለች።

አባታችን ክፉ ሰው አይደሉም። እህቴ ከመጣች ጀምሮ አጠገባቸው ስትቀመጥ እጇን ያያሉ፤ እጇ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ያያሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ምድጃው ይመልሳሉ። መጠየቅ ፈርተው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ደግሞ ካልተጠየቀች አትናገርም። እንዲህ ሆነው ወላጆቻችን ቤት በሄድን ቁጥር ሁለቱም ተከባብረው ይቀመጡ ነበር፤ ይህም ልቤን ይበላው ነበር።

እህቴ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ብላ ሱቅ ታግዘኝ ጀመር። የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው፣ ገበሬው ሚሞሪውን ከስልኩ ወይም ከትንሿ ራዲዮኑ አውጥቶ ሲሰጠኝ የዘፈን ስም አይጠራም። «ፉከራውንም፣ የሰርጉንም፣ ያለህን ሙላልኝ» ይላል። እኔም እሞላለሁ። ሲሞላ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ቦታ ትተርፋለች። አንድ ቅዳሜ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ይችን ቦታ ለምን ባዶዋን ትሰዳታለህ? ምርቃት አድርግላቸው እንጅ» አለችኝ።

በእኛ ገበያ ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ ስሙ ይጠፋል። ገብስ ሻጩ ሰፍሮ ሲጨርስ አንድ ጭብጥ ይጨምራል፣ ድንች ሻጯም ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። እኔ ብቻ ነበርሁ ምርቃት የሌለኝ፤ ደንበኞቼም ይህን እያነሡ ይወርፉኝ ነበር። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። እናም ያ አልበም፣ ወርቃማ ሸሚዝ የለበሱት የአራት ወንዶች አልበም፣ ከፉከራው ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሚሞሪ መጨረሻ ላይ እየተጨመረ ወደ ጉና፣ ወደ አንበሳሜ፣ ወደ እብናት መውጣት ጀመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተያየቱ ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ የደረሰው የእብናት ከብት ነጋዴ ነበር። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ በቁጣ «ስማ እንጅ! ያ መጨረሻ ላይ የሚፎክረው ሰውዬ ምን ገድሎ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለኝ። ግራ ገባኝ። ለካስ ከፉከራው ቀጥሎ ስለመጣ የሌላ አገር ፉከራ መስሎታል። ፉከራ እንዳልሆነ ባስረዳውም አልተቀበለኝም። «ፎክሯል እንጅ! የሚያስፎክር ነገር ሳይኖረው ከሆነ ግን ነውር ነው» ብሎ ሄደ። እህቴ ከጠረጴዛው ሥር ተደፍታ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ነጋዴው ብቻውን አልነበረም። ያ የሰውየው ግዳይ ነገር ብዙ ገበሬዎችን አስጨንቋል። አንዱ አንበሳ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ሌላው እንዲህ ባለ ቀጭን ድምፅ አንበሳ አይገደልም ብሎ ተከራከረው። እኔም እንደ ልማዴ ገባሁበት። ማታ ሱቅ ስዘጋ ያን የጠላሁትን ዘፋኝ ድምፁ ቀጭን አይደለም እያልሁ ስሟገትለት መዋሌ ትዝ አለኝና በራሴ ተገረምሁ።

ከጉና የመጣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ አራተኛው ዘፈን ለውቂያ ይሆናል አለን። አውድማ ላይ ከፍቶት በሬዎቹ ከወትሮው ፈጠን ብለው ዞረውለታል፤ ሌሎቹን ግን አጥፋልኝ አለ። በአንበሳሜ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ዳገት ላይ ስድስተኛውን እንደሚከፍተው፣ ተሳፋሪው ግን «ወይ ይህን ዝጋ፣ ወይ አውርደን» እንደሚለው ነገረን። ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ የገቡት መሪጌታ ሁለተኛውን ዘፈን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይህስ አራራይ ዜማ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ቸኩሎ አበላሸው» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ ያለ ነገር መስማታቸውን ለማንም እንዳንናገር አደራ አሉን፤ ለማንም አልተናገርንም፣ ስማቸውን እዚህም አልጽፍም። ድንች የምትሸጠዋ ሴትዮ ግን ቆማ እስከ ሦስተኛው ድረስ ሰማችና እህቴን «ይህ ልጅ እናት የለውም?» ብላ ጠየቀቻት።

እህቴ ይህን ሁሉ በደስታ ትሰማ ነበር። የሰደበውንም ያመሰገነውንም አንድ አድርጋ ታየዋለች፤ ለእሷ ዋናው መሰማቱ ነው። «ምን እያለ ነው የሚዘፍነው?» ብለው ሲጠይቋት «እኔም እንደ እናንተው ነኝ» ትላቸዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ስለ አልበሙ የተጻፉ የአድማጮች አስተያየቶች አገኘሁና በስልኬ እያስተረጎምሁ አነበብሁላት። ብዙ አይደሉም። አንዱ የሚገባውን ያላገኘ ድንቅ ሥራ ነው ይላል። ሌላው ዘፋኙን ያጣጥላል። ሁለት ሦስቱ ግን የመጨረሻው ዘፈን ቀረጻው የተበላሸ ስለሆነ ባይገባ ይሻል ነበር በሚለው ተስማምተዋል። በዚያ ዘፈን ጊታሩም ከበሮውም ዝም ይላል፤ ሰውየው ብቻውን ነው፣ ድምፁም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ ጋር ነበርሁ። እህቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። «እነዚህስ ምንም አልሰሙም» አለችና ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ የጻፍሁት እኔ ይመስል።

አባታችን በየቅዳሜው በቅሏቸውን ጭነው ገበያ ይመጡ ነበር። ትንሿ ራዲዮናቸው ሚሞሪ የምትወስድ ናት፤ ኅዳር ላይ ስሞላላቸው ምርቃቱን እህቴ በገዛ እጇ ጨመረችበት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሲገቡ ፊታቸውን ታያለች። እሳቸው ስለ ገብሱ ያወራሉ፣ ስለ ውርጩ ያወራሉ፣ ውሃ ጠጥተው ይወጣሉ። ስለ ዘፈኑ ግን አንዲት ቃል የለም። «ጠይቂያቸው» እላታለሁ። «አልጠይቅም፤ የሰሙ ቢሆን ይናገሩ ነበር» ትላለች። ታኅሣሥ አለፈ፣ የጥር ሰርግም አለፈ። እኔ ትቼው ነበር፤ እሷ ግን አልተወችም፤ በየቅዳሜው ጠዋት ነጠላዋን ለውጣ ስትመጣ አያታለሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሱቃችን ይጨናነቃል። በጾም ዘፈን የሚሰማ ስለሌለ ሰው ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ መጥቶ ዘፈኑን አስጠፍቶ መዝሙር ያስጭናል። ከቅበላው በፊት በዋለው ቅዳሜ አባታችንም መጡ። የቆመውን ሰው ሰላም ብለው አልፈው ገቡ፤ ራዲዮናቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «መዝሙር ሙሉልኝ» አሉ።

እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሥራ ይዤ ስለነበር ራዲዮኑን ያነሣችው እህቴ ነበረች። ሚሞሪውን አውጥታ በመዳፏ ይዛው ቆመች። አልበሙ ሊጠፋ መሆኑን አወቅሁ፣ እሷም አወቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ቆይ» አሉ አባታችን። «ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ።»

ከበርጩማው ላይ ተቀመጡ። አባታችን የራዲዮኑን መክፈቻና መዝጊያ እንጅ ሌላውን ቁልፍ አይነኩም፤ ስለዚህ የጫንንላቸውን ሁሉ በተራው ለመስማት ይገደዳሉ። ጭድ ሲከምሩ፣ አጥር ሲያጥሩ ሲሰሙት ከርመዋል። እህቴም እኔም ይህን አላሰብነውም ነበር።

«ያን ጩኸቱን አልወደድሁትም» አሉ። «አሁንም አልወደውም። መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚዘፍነው ግን፣ ያው ሰውዬ ነው?»

«ያው ነው አባየ» አለች።

«ተቆልፎበት ነው» አሉ። «ሰው ደጅ ሆኖ ሲዘፍንና ቤት ተዘግቶበት ሲዘፍን ድምፁ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሥራዬን ትቼ ቆምሁ። ከዚያ ወዲህም እሱ ላይ ሲደርስ እቆማለሁ።»

አባታችን መሬት መሬቱን እያዩ መዳፋቸውን በጉልበታቸው ላይ ያሹ ነበር። እኔ ስንት ዓመት የማውቃቸው አባቴ እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ቀና ብለው አይዋት።

«አንችስ ልጄ? ይቆልፉብሽ ነበር?»

«አዎ አባየ» አለች።

«ሲወጡ ነው?»

«ሲወጡ ነው። አንዳንዴ ቤት እያሉም።»

ውጭ የቆሙት ገበሬዎች ሚሞሪያቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ዞሩ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ለእህቴ ሰቀቀን እንዳይሆንባት፣ የሰውም ዓይን እንዳይበዛባት ብዬ ብድግ አልሁና የሱቁን በር ገፍቼ መዝጋት ጀመርሁ።

«ተወው!» አሉኝ አባታችን፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። «ክፍት ይሁን።»

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት። አባታችን በርጩማቸውን ወደ እህቴ አስጠጉና ጠባሳው ያለበትን እጇን ያዙ። እሷም ያን ቤት ከገባችበት ቀን ጀምራ ነገረቻቸው።