ያልታተመው መውጫ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነበር። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት በሬጅስትራርነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጆሃንስበርግ ልጄ ዘንድ እኖር ነበር። ስኮትላንዳዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ወይዘሮ ኤልስፔት፣ ዱርንፎንቴን በሚባለው የከተማው ሰፈር በተከራዩት ክፍል ተቀበሉኝ።

«እንግሊዝኛዎ የፍርድ ቤት ነው» አሉኝ ሳቅ ብለው። «የሰሙትን ይመዝግቡልኝ፤ አያሳምሩት።»

ተግባሬ ከኢትዮጵያውያን ባለሱቆች ጋር ማስተርጎምና ቃላቸውን መመዝገብ ነበር። ወይዘሮዋ ስለ ሰው ሥራ የጻፉትን ገጽ ለባለሥራው ሳያነቡ አያሳትሙም። አንድ የታክሲ ሾፌር «ተሳፋሪ እንዲህ አይጫንም» ቢላቸው ምዕራፉን እንደገና ጽፈውታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በመሥሪያ ቤቴም ብዙ አላየሁም።

ከከተማው ወጣ ባለው ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ ያለው የሆሳዕናው ታረቀኝ፣ ዘራፊዎች ሲመጡ ያመለጠበትን ድብቅ መውጫ አሳየን። የት እንደሆነ እዚህም አልጽፍም። ያኔ ግን በመዝገብ ቤት ልማዴ ስፋቱንና የመቀርቀሪያውን ጎን ሳይቀር መዘገብኩ።

ከወራት በኋላ ምዕራፉን ይዘን ተመለስን። በልብ ወለዱ ገዳዩ የሚያዘው በዚያው መውጫ ነው። እያስተረጎምኩ ሳነብ ታረቀኝ ሳቁን አቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ እዚህም ይሸጣል?»

«ይሸጣል።»

«ገደላችሁኝ በሉኛ! ሁለተኛ ሲመጡ እዚያው ቆመው ይጠብቁኛል።»

«ስምህ አልተጠቀሰም እኮ።»

«ስሜን ምን ያደርጉታል? የአካባቢውን ሐበሻ ሁሉ መውጫ የሠራው አንድ በያጅ ነው፤ የአንዱን ያወቀ የሁላችንንም አወቀ። እናንተ አንብባችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚህ የምናድረው እኛ ነን።»

አንድ ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። የመጽሐፉ መጨረሻ በሙሉ በዚያ መውጫ ላይ የቆመ ነበር። ወይዘሮ ኤልስፔት ወረቀቶቹን ከእጄ ወስደው ለታረቀኝ ሰጡት።

«ይቅደዱት። ኮምፒውተሬ ላይ ያለውንም ዛሬ አጠፋዋለሁ።»

«ታዲያ ገዳዩ ሊያመልጥ ነው?» አለ ታረቀኝ፣ ትንፋሹ መለስ ሲልለት።

«በሌላ መንገድ እይዘዋለሁ። ሥራዬ ነው።»

መኪና ውስጥ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገለጽኩላቸው። «መዝገብዎ እንከን የለውም» አሉኝ። «መምረጥ የእኔ ድርሻ ነበር።» አዲሱን መጨረሻ ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም።

እኔም ያንን ገጽ ከማስታወሻዬ ቀደድኩት። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ከመዝገብ ቅጠል አውጥቼ አላውቅም ነበር። በትክክል የተመዘገበ ነገር ሁሉ ለኅትመት አይበቃም፤ አስቀድሞ የሚነካውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።