ለፈተና የተቀመጠ አንገት

ልብስ ሰፊው በሽታውን መጀመሪያ ያከመው በመቀስ ነው። ኮሌታው አንገቱን ሲያንቀው ጥፋቱ የሸሚዙ ነው ብሎ ቁልፉን አዛወረ። እንደገና ሲያንቀው ኮሌታውን ተርትሮ ጨርቅ ጨመረበት። ይሄኔ ሚስቱ አላስቻላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዙ ነው የጠበበው አንገትህ ነው ያበጠው?»

«ሰው ሲደላው ይወፍራል» አላት። ከአንገቱ በታች ያለው ገላው ግን መንምኖ፣ ሱሪውን በገመድ ነበር የሚያስረው።

ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ዕድሜ ልኩን የተመራቂዎች ጋዋን ሰፍቷል። ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ቆርጦ ያለበሰውን ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያየው ኮፍያውን አውልቆ ይሽቆጠቆጥለታል። የተማረ ሰው ማለት ለሱ እንዲህ ያለ ፍጡር ነው። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ናሙና ተወስዶ «ካንሰር ነው» ሲባልም፣ ከሞቱ ይልቅ ያስጨነቀው ዶክተሮቹን ማስቸገሩ ነበር።

ዕጢው ገና ከአንገቱ አልወጣም፤ የጨረር ሕክምና ቶሎ ካገኘ ይድናል አሉት። ቶሎ የምትለዋን ቃል ማሽኑ አልሰማም። ለዚያ ሁሉ በሽተኛ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሚሠራበት የሚታመምበት ይበዛል። ሰውየው ዋርድ ተኝቶ ተራውን ጠበቀ። ተራው ሊደርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ፕሮፌሰሩ ደረሱ።

ፕሮፌሰሩ ለድሃ በሽተኛ ልባቸው ስስ ነው፤ በተለይ ዕጢው ጥርት ብሎ ለሚዳሰስ ድሃ። ነጭ ለባሽ ሠራዊታቸውን አስከትለው አልጋው ዳር ቆሙና አንገቱን እንደ ገበያ ብርቱካን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት።

«ግሩም ነው! እንዲህ ያለ በመጽሐፍም አይገኝ።»

ልብስ ሰፊው እፍር አለ፤ ደስም አለው። ከዩኒቨርሲቲ ሰው አፍ ግሩም ሲባል የመጀመሪያው ነው።

«አባባ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት የተመራቂዎች ፈተና አለብን። ጨረር ከጀመሩ ይቺ ነገር ትሟሽሻለች። ልጆቹ ምን ሊዳስሱ ነው? እስከ ፈተናው ይታገሱልን፤ ከዚያ እኔ ራሴ ከፊት አስገባዎታለሁ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! የኔ አንገት ላገር ከጠቀመ!»

እነሱ ዞር እንዳሉ ሚስቱ ጎኑን ጎነጠችው። «ተራህን ለቀቅህ? አብደሃል?»

«ተራ ሁሉም ሰው አለው። እኔ አሁን ፕሮፌሰር አለኝ» አላት።

ሳምንቱ ደረሰ፤ ፈተናው አልደረሰም። ከውጭ የሚመጡት ፈታኝ ስብሰባ ገጠማቸው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ጉንፋን ያዛቸው። የታላቅ ሰው ጉንፋን ከልብስ ሰፊ ካንሰር ይከብዳልና ሁሉም ነገር ቆመ። ተማሪዎቹ ግን ለልምምድ እየመጡ በቀዝቃዛ እጃቸው ሲያሹት ይውላሉ። «ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ ወደ ግራ ነው፤ እህ፣ አገኘሻት» እያለ ሥቃዩን በጥርሱ ይይዛል። ድምፁ ሻከረ፤ ሳል ጀመረው። ሚስቱ ዋርዱን ለሚከታተለው ወጣት ሐኪም፣ ለሬዚደንቱ፣ ብትነግረው «ጥሩ ነው፤ ለፈተናው ጥያቄ ይሆናል» ብሏት አለፈ።

ፈተናው በመጨረሻ ተሰጠ። ፈታኙ የልብስ ሰፊውን እጅ ጨበጡ። ፕሮፌሰሩም፣ አይካድም፣ ቃላቸውን ጠብቀው ከፊት አስገቡት። የጨረር ክፍሏ ሐኪም አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃኑ ይዛ ቆየች።

«ተራዎን ማን አስለቀቀዎት?»

«እኔው ነኝ፣ ዶክተር። ሥራ ነበረብኝ።»

«በሽታው ሳንባዎ ገብቷል፣ አባቴ። ማሽኑን የምንሰጠው ለሚድን ሰው ነው። ማስታገሻ ልጻፍልዎ።»

«ለሚድን ሰው?» ሚስቱ ጠረጴዛውን ደገፍ አለች። «እዚህ ሲገባ የሚድን ሰው አልነበረም? እንደ ሊጥ ስታሹት ከርማችሁ አሁን ነው የማይድን የሆነው?»

ሐኪሟ የማስታገሻውን ወረቀት ጽፋ ዘረጋችላት።

ልብስ ሰፊው ግን «ፕሮፌሰሩን እናናግራቸው፤ እሳቸው አይጨክኑም» እያለ ሚስቱን እጇን ይዞ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ፈታኙን ሊሸኙ ሄደዋል። ኮሪደሩ ላይ ያገኛቸው ሬዚደንቱ ነው፤ ፊቱ በራ።

«አባባ! እርስዎን ስፈልግ! የወደቁት ተማሪዎች ድጋሚ ፈተና አለባቸው። አሁን ደግሞ ሳንባዎም ተጨምሯል። አልጋ ላስይዝልዎ?»

«ለምን ቆዳውን ገፍፋችሁ ግድግዳ ላይ አትሰቅሉትም?» ጮኸች ሚስቱ። «ጅቦች! አንተ፣ ና፣ ቤትህ ሙት!»

ሳሉ ተነሣበት፤ ግድግዳውን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ በሚዋጥ ክኒን የማይበርድ ሕመም ይዞ ሌሊቱን ትራስ ነክሶ ማደር ነው። ሚስቱ ጀርባውን ስትደግፈው ድምፅዋ ወረደ።

«አልጋው ላይ ሲሆን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይሰጡታል?»

«ይሰጠዋል፣ እናቴ። በፈተናው ቀን ብቻ እንከለክለዋለን። ሲዳሰስ ያመው እንደሆነ ተማሪዎቹ ማወቅ አለባቸው።»

ሚስቱ ዞራ ልትጮህበት ስትል፣ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ዋርዱ መንገድ ጀምሮ ነበር።