ቡታጅራ ላይ የፈረሰው መድረኬ

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መርካቶ

አውቶቡሱ ሳይነቃነቅ ሞልቷል፤ የጨው ጆንያ፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ ሁለት ፍየል። እኔ የያዝኩት አንድ ጥቅል ንድፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቴአትር ቤት ስነድፍ ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ሁለት ቆመዋል፤ በሁለቱም ደጃፍ የተቀረጸው የፈረንጁ አለቃዬ ስም ነው። የቡታጅራውን ግን ብቻዬን ነደፍኩት። የአገሩ ሰው አዋጥቶ አሠራው፤ ነገ ይመረቃል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቡኢ

አቧራችንን አራግፈን ቆጮ በጎመን በላን። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ቴአትር ቤት ላስመርቅ።»

«ቡታጅራ? እኔ የማውቀው የስብሰባ አዳራሽ ነው» አለ። ሳቅሁበት።

ስድስት ሰዓት፣ ቡታጅራ

በሩን አልፌ እንደገባሁ ደርቄ ቀረሁ። መድረኩ የለም! በቦታው ሁለት ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ወለል፣ የባለሥልጣን ወንበሮች፣ ከላይ የጃንሆይ ፎቶ። የተዋንያኑ መልበሻ ክፍል በእህል ጆንያ ታጭቋል።

ቤቱን የሠሩት የመስቃኑ ግንበኛ አቶ ሸምሱ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ማን አፍርሱ አለዎት?»

«ገዥው። ወላሂ፣ ስዕልዎን አሳይቻቸው ነበር። ‹ሕዝብ እዚህ የሚመጣው ሊሰማ ነው፣ ሊያይ አይደለም› አሉኝ።»

በቀጥታ ገዥው ቢሮ ሄድኩ። ከወንበራቸው አልተነሡም።

«አዝማሪ ከኔ ራስ በላይ እንዲቆም ነው የነደፍከው?»

«አዎን ጌታዬ፤ እንዲታይ።»

«ውጣ!»

ደሜ ፈልቶ ተመለስኩ። በሩ አጠገብ እብነ በረድ ተለጥፏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ስም ተቀርጾ።

«ይፋቁልኝ» አልኳቸው።

አቶ ሸምሱ መሮውን ይዘው ፈዘዙ። «የገዛ ስምዎን?»

«ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ይፋቁት!»

የመጨረሻዋ ፊደል እስክትጠፋ ከአጠገባቸው አልተነቃነቅሁም። ከዚያ ወጥቼ የአጥሩን ድንጋይ በእርግጫ መታሁ፤ እግሬ እስካሁን ያመኛል።

እሑድ፣ ወልቂጤ

ለምረቃው የመጣ አንድ የወልቂጤ አስተማሪ ንዴቴን አይቶ፣ ምረቃውን ሳይጠብቅ በጭነት መኪና ይዞኝ ሄደ። ቸሃን ስናቋርጥ ግራ ቀኙ እንሰት ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስሳደብ ነው የመጣሁት።

«እኛም ለተማሪዎቹ ቴአትር ቤት ልንሠራ ነው፤ ይንደፉልን» አለኝ። «ገዥ ግን እኛም ጋ አለ።»

ወልቂጤ ደርሰን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩና ነደፍኩ። መድረኩን ጣሪያውን ከሚሸከሙት ምሰሶዎች ጋር በአንድ ብረት አሰርኩት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አስተማሪው።

«መድረኩን የሚያፈርስ ሰው ጣሪያው ይወርድበታል።»

ደነገጠ። «ልጆቹስ?»

«መዶሻ ይዞ የሚመጣ ከሌለ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ይተርፋል።»

ሄዶ በሩን ዘጋው። «እንግዲያው ብረቱን ያወፍሩት» አለኝ።