ክርስትና ያልተነሣው ባትሪ

የጋለ ጎማ ሽታ ማንም አይወድም። እኔ ግን ባጃጅ ተራ በኩል ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል። እስቲ ታዘቡኝ፤ ሰው በሽቶ ሲናፍቅ እኔ በጎማ!

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የገብስ አጨዳ ሰሞን። ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ቆርቆሮው ላይ ሶላር፣ አልጋ ሥር ደግሞ ባትሪ ነበረን። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። ከቅዳሴ መልስ የጸሎት መጽሐፋቸውን የሚያነቡት በዚያ ባትሪ አምፖል ነበር፤ መስኮታችን መዳፍ አታህልም። አምፖሉ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። አባባ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው ሰቀሉት። ተሰቅሎ ማየቱ ከበደኝ።

የባትሪውን ክዳኖች ስከፍት ውኃው ጎድሏል። አባባ ይህን ሲሰሙ የጠበል ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው መጡ። ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ይኼ ንጹሕ ውኃ ነው የሚፈልገው።»

«ከጠበል የበለጠ ንጹሕ ከየት ልታመጪ ነው?»

አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ፤ «ጠበል ለክርስቲያን ነው። ባትሪው ክርስትና አልተነሣም።»

ሚስታቸው እማማ ደንግጠው አማተቡ። አሁን ሳስበው ድፍረቴ ይገርመኛል። አባባ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። «በይ እንግዲያ አንቺ አምጪ!»

የባትሪ ውኃ ሱቅ ለሱቅ ብፈልግ አጣሁ። ያኔ የሳይንስ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሣለልን ትዝ አለኝ። ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፣ አፉ ላይ የጎማ ቱቦ ሰካሁ፣ ዙሪያውን በሊጥ መረግሁት። ቱቦውን ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አሳልፌ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ጨውና አፈሩ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይቀራል። ጠብ… ጠብ… ቤቱ ጎማ ጎማ ሸተተ። የመጀመሪያውን ውኃም ጎማ ጎማ ስላለ ደፋሁት።

«በመሪጌታ ቤት አረቄ ልታወጭብን ነው!» አሉ እማማ። ጎረቤታችንም ወሬውን ሰምቶ መለኪያውን እንደያዘ ከተፍ አለ። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ኧረ ይኼ ምንም ምን አይልም!» አለ። ከዚያ በላይ ምስክር አላሻኝም፤ ደስ አለኝ።

ጠርሙሱ እስኪሞላ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባትሪውን ሞላሁት፣ ፀሐይ ሲጠግብ ዋለ፣ በማግሥቱ አምፖሉ ቦግ አለ። እልል አልኩ።

አባባ መጽሐፉን አውርደው ገለጡና በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። አጠገባቸው ተቀምጬ ጣታቸውን አየሁት። አፋቸው የሚለው ሌላ፣ ጣታቸው ያለበት መስመር ሌላ ነበር። በቃላቸው ነበር የሚሉት። ለካ የደከመው አምፖሉ ብቻ አልነበረም፤ ዓይናቸውም ነበር። ደስታዬን እንዳያበላሹብኝ ብለው እንደሚያነቡ ሆኑ። ጣታቸውን ያዝ አድርጌ ወደ ትክክለኛው መስመር ወሰድኩት።

አባባ መጽሐፉን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት። «እንግዲያ አንቺ አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

አነበብኩ። ግዕዙን ስሰባብረው «እሱን ላላ… ይኼን ጠበቅ» እያሉ አቃኑኝ። ፋሲካ ሳይደርስ መጽሐፉን ጨረስነው። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ «በይ ከመጀመሪያው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደጨረስነው አላውቅም። የመጨረሻው ጊዜ ግን መሐል ላይ ቀረን። ከቀብራቸው መልስ አምፖሉን አብርቼ፣ የቀረውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።