የተሸላሚዋ እጅ

የሽንፍላ ሽታ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ባሌሰንግ ይህን በሠላሳ አንድ ዓመት የመጋቢ ሚስትነት ከማንም በላይ ተምራዋለች። በሽልማቷም ቀን ከማለዳ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ የሁለት በሬ ሆድ ዕቃ ታጥብ ነበር።

ባሌሰንግ ብሎ የሚጠራት ግን አልነበረም። ለሌትላፓኔ መንደር ምእመናን «ማ-ሞሩቲ» ናት፤ የመጋቢው ሚስት። ባሏ መጋቢ ሞኮቴዲ እንኳ በበኩር ልጃቸው ስም «ማ-ካቦ» ይላታል። ሲያገባት አስተማሪ ነበረች። የመጀመሪያው መንደር ዲያቆናት «የመጋቢ ሚስት ሌላ ሥራ አያምርባትም» አሉና ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በአምስት መንደር፣ የራሷ ባልሆኑ አምስት ቤቶች ኖራለች። ሬሳ አጥባለች፤ ከሐዘንተኛ ጎን መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ሳምንት ሙሉ ተኝታለች፤ የሴቶቹን የሐሙስ ጸሎት መርታለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዋናው ዲያቆን ሬ ሞዲሴ፣ አቶ ሞዲሴ ማለት ነው፣ ወደ ቤቷ መጥቶ ነበር። አውራጃው ረጅም ዘመን ያገለገሉ መጋቢዎችን ከነሚስቶቻቸው ሊሸልም ነው።

«የመጋቢን ሙሉ ስም ልጽፍ ነው የመጣሁት» አለ።

«የእኔንስ?»

«የእርስዎንማ እናውቀው የለ።»

«ማን ነው?»

ሬ ሞዲሴ ማጅራቱን አከከ። «ያው... ማ-ሞሩቲ።»

በአስተማሪ እጅ ጽሕፈቷ ስሟን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው። «የሽልማቱ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ተብሎ ይቀረጽ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይሄ ምን ችግር አለው፣ ይቀረጻል» አለና ወረቀቱን ባርኔጣው ውስጥ ከተተው።

በሐሙሱ ጸሎት የሽልማቱ ግብዣ ምግብ ነገር ተነሣ። «የዚያን ቀን እኔ እንግዳ ነኝ» አለች ባሌሰንግ።

ማ-ቴቦጎ የምትባለው ጎረቤቷ ሳቀች። «እንግዳማ ነዎት። ግን ሽንፍላውን ማን ይጠብ? የዘንድሮ ልጃገረዶች እንደሆኑ ጥፍራቸውን ቀለም ተቀብተው ሊያጨበጭቡ ነው የሚመጡት።»

ሌሎቹ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ታውቀዋለች፤ ሥራው የእሷ ሆኗል ማለት ነው።

እናም አሁን ፈርሱን እየጠረገች በተከፈተው መስኮት ወደ ውስጥ ታያለች። ነጭ ኮሌታ የለበሱ ስምንት እንግዳ መጋቢዎች ከፊት ተደርድረዋል። ማለዳ እሷ የጠበሰችውን ጉበት በልተው፣ የአንዳንዶቹ ከንፈር ገና በቅባት ያብረቀርቃል። አንደኛው በምላሱ ጥርሱን እያጸዳ ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል። የአውራጃው ሰብሳቢ ስለ ሚስቶች ይናገራል። «አላጉረመረሙም። እንደ ጥላ ተከተሉ» አለ።  ከእጇ ላይ ካለው ፈርስ ይልቅ ያ ድምፅ ባሌሰንግን አቅለሸለሻት።

ማ-ቴቦጎ እየሮጠች መጣች። «ሊጠሩዎት ነው፣ ማ-ሞሩቲ። ሳሙናው ይኸው፣ ቶሎ ይበሉ።»

ባሌሰንግ እጇን ወደሚፈሰው ቧንቧ ዘረጋች። ይህን ጊዜ ሰብሳቢው ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ለመጋቢ ካጊሶ ሞኮቴዲ እና ለባለቤታቸው።»

ባሌሰንግ ቧንቧውን ዘጋች።

«ምነው፣ አይታጠቡም እንዴ?» አለች ማ-ቴቦጎ።

 ባሌሰንግ ሽርጧን ፈትታ ሳሙናው ላይ ጣለችውና ገባች። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰሌዳውን አልተቀበለችም፤ መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል። ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር ደግፋ፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ የስምንቱንም እጅ ተራ በተራ ጨበጠች። አጥብቃ፣ ሳትቸኩል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከመጋቢ ሚስት መዳፍ እጁን የሚነጥቅ አልተገኘም። ሰብሳቢው ፈገግታው ሳይጠፋ አፍንጫው ተሸበሸበ።

ቀጥሎ ሬ ሞዲሴ ነበር። «ወረቀቴ ጠፋ?» አለችው በዝግታ።

«ቦታው አልበቃ ብሎ ነው፣ ማ-ሞሩቲ» አለ፣ በአፉ እየተነፈሰ። የእሱን እጅ ከሁሉም አብልጣ ያዘችው።

መጨረሻ ላይ ባሏ ጋ ደረሰች። ሰሌዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። እጁን ሰጣት፤ ከዚያ ሸተተው።

«ማ-ካቦ» አለ በሹክሹክታ፣ «ታጥበሽ አትመጪም ነበር?»

«ውሃውን ለእንግዶቹ ተውኩት» አለች።