ቤሪል ያስዋበችው ሻጋታ

ቤሪል ሆልደን ገበያ ውስጥ ሰው እግሯን ቢረግጣት፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤቷ ነኝ፤ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ በርንሊ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ማለት ግማሽ ሰላይ ነውና የምነግራችሁን እመኑኝ። አንዴ በረዶ አንሸራትቷት ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትገባ፣ ሐኪሙ "እንዴት ነዎት?" ቢላት "ምንም አልል፣ ከእኔ የባሰ አለ" ብላ ወረፋዋን ጉንፋን ለያዘው ጎረምሳ ልትለቅ ስትል ነው ያስቆምኳት።

በወጣትነቷ የጥጥ ፋብሪካ ሠርታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ሃያ ሁለት ዓመት ለግማሹ ከተማ ልጅ ድንች ስትቀቅል ኖረች። ዛሬም ጢማቸው የሸበተ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት ካሮታቸውን እንዳልጨረሱ ሁሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ አንድ ነው፤ ቤቷን ማጽዳት። የበሯን ደፍ በየሳምንቱ ተንበርክካ ትፈገፍገዋለች። አቧራ እንኳ ቤሪል ቤት የሚገባው እግሩን ጠርጎ ነው ይባላል። ይባላል ስል፣ ያልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሻጋታ የበቀለው በዚህ ቤት ነው። ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ። መጀመሪያ ዝንብ ያረፈች ይመስል ነበር፤ ቆይቶ መዳፍ አከለ፤ በስድስተኛው ዓመት ከጣሪያ እስከ ወለል ጠቆረ። ቤቶቻችን የቤቶች ማኅበር ንብረት ናቸው፤ እነሱ አከራይ፣ እኛ ተከራይ። ቤሪል ያኔ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከስንት መሽኮርመም በኋላ ደወለችላቸው። የመጣው ሰውዬ ግን ግድግዳውን ትቶ እሷን መረመረ። "ልብስ ቤት ውስጥ ያሰጣሉ? በቀን ስንቴ ሻይ ያፈላሉ?" አላት። ከዚያ "መስኮት ይክፈቱ" የሚል ወረቀት አስጨብጧት ሄደ።

ባሏ ዊልፍ "እንግዲህ ትንፋሽም እንቀንስላቸዋ!" ብሎ ሳቀ። ቤሪል አልሳቀችም። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ አመነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርጥብ ልብሷን በጋሪ እየጎተተች ከተማው ማዶ ያለ የልብስ ማድረቂያ ቤት ትወስዳለች። በርንሊ ነውና ስትመለስ ይዘንባል፤ ደርቆ የወጣው ልብስ ረጥቦ ይገባል።

ባለፈው ኅዳር ዊልፍ ደረቱ እያፏጨ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሟ ቤሪልን ለብቻዋ ጠራቻት፤ እኔም ኮቷን ልይዝላት ብዬ ተከትዬ ገባሁ።

"የምትተኙበት ክፍል ሻጋታ አለው?"

"ትንሽዬ" አለች ቤሪል።

ትንሽዬዋ በቁመት እኔን ትበልጣለች። ሆን ብዬ ሳልኩ። ሐኪሟ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት፣ ገባት።

"ክፍሉ ሳይስተካከል ባለቤትዎን ወደዚያ ቤት አልልካቸውም። ካልሆነ ብላክበርን ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ ይፈለግላቸዋል።"

ሃምሳ አራት ዓመት አንድ አልጋ የተጋሩ ሰዎች ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ቤሪል የመስኮቱን ጭጋግ በእጅጌዋ ስትወለውል ነው የዘለቀችው። እኔ ዝም አልኩ፤ ይሄ ደግሞ በከተማችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ስለ አዲሱ ሕግ የነገረችን አንዲት ነርስ ናት፤ ውለታዋን አንረሳም። አከራዩ እንዲህ ያለ አደገኛ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገረው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መጥቶ መመርመር አለበት። ያገኘውን በሦስት የሥራ ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቤቱን በአምስት የሥራ ቀን ከአደጋ ነጻ ማድረግ ግዴታው ነው። ካልቻለ ሌላ ማደሪያ ይሰጣል። "መለመን አያስፈልግም፣ መብትዎ ነው" አለቻት። ቤሪል ደወለችና "ስላስቸገርኳችሁ በጣም ይቅርታ" ብላ ጀመረች። ቢሆንም ተመዘገበላት። መርማሪ እንዲመጣላት ስምንተኛው የሥራ ቀን ተቆረጠ።

የቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የበረኪና ሽታ እኔ ቤት ድረስ መጥቶ ዓይኔን አቃጠለው። ሮጥኩ። ቤሪል ጓንት አድርጋ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ መሰላል ላይ ቆማለች። ግድግዳው እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ሁለተኛውን ዙር ቀለም እየጨረሰች ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?!"

"ነገ እኮ እንግዳ አለብኝ!"

"እንግዳው የሚመጣው ሻጋታውን ሊያይ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ይየው! ግን እንዲህ ሆኖ አይደለማ።"

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰውየው አገር ለአገር የሚዞር ነው። ሄዶ የቤሪል ሆልደንን ቤት አየሁት ቢልስ?"

በማግስቱ መርማሪው መጣ። ናዲም ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ቤሪል በደስታ ልታቅፈው ምንም አልቀራት። ሻይ ቀረበ፤ ብስኩት ቀረበ። እኔ "አንዲት ቃል ብትተነፍሺ!" ተብዬ ጥግ ተቀምጫለሁ፤ ብስኩት አፌ ውስጥ የጠቀጠቅሁት ለዚህ ነው።

ፎቅ ወጣን። ናዲም ነጩን ግድግዳ ረጅም ጊዜ አየው።

"ሻጋታው የቱ ጋ ነው፣ ወይዘሮ ሆልደን?"

"ያው... ያን ያህልም አይደለም።"

ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ። ብስኩቱ አነቀኝ። ከዚያ ናዲም ቀና ሳይል፣ "ባለቤትዎ በየትኛው በኩል ነው የሚተኙት?" አላት።

ቤሪል የዊልፍን ትራስ አየችው። ማየት ብቻ። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

"በግድግዳው በኩል" አለች። "ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ። ሁሉም ጥቁር ነበር። ትናንት ቀባሁት። ስድስት ዓመት አጠገቡ ተኝቶ ሲተነፍሰው ኖረ፤ እኔ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሸፈንኩት። አሁን ወደ ሌላ ከተማ ሊወስዱብኝ ነው።"

ናዲም አልተቆጣም። "ይሄ በዚህ ሳምንት ያየሁት ሦስተኛው ትኩስ ቀለም ነው" አለ። "የኔም እናት መርማሪ ሲመጣባት መጋረጃ ነው የለወጠችው። ሽታውን እኮ ከታች ነው ያወቅኩት። እርስዎ እስኪነግሩኝ ጠብቄ ነው።"

ቦርሳውን ከፍቶ ሁለት ሹል ጫፍ ያለው መለኪያ አወጣና ግድግዳው ላይ ሰካው። መለኪያው ጮኸ። ሌላ ቦታ ሰካው፤ ጮኸ። መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ፤ ከዚያ ቤሪልን ጠርቶ አሳያት። አሸንዳው ተሰንጥቋል፤ የዝናብ ውሃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ከታቹ ያለው ጡብ እንደ ሰፍነግ ጠጥቶ አረንጓዴ ለብሷል።

"ከውጭ ነው የሚገባው" አለ።

"ከሻዩ አይደለም?"

"ከሻዩ አይደለም።"

"ከልብሱስ?"

"ከልብሱም አይደለም። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

ቤሪል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ገባሁ። እሷ ግን "አምስት ዓመት!" ብላ ጮኸች። "አምስት ዓመት ሙሉ የዊልፍን የውስጥ ሱሪ በዝናብ እየጎተትኩ ከተማውን ሁሉ ዞርኩ!" ናዲም ሳቁን ሊውጥ ሲታገል በአፍንጫው አመለጠው።

የምርመራው ደብዳቤ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። አሸንዳው፣ ግድግዳው፣ የሚሠራበት ቀን ሁሉ ሰፍሮበታል፤ ቤሪልም የገና ካርዶቿን ገፋ አድርጋ መሐል አቆመችው። በአራተኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች መጡ። አሸንዳውን ቀየሩ፤ የተበላውን ልስን ፍቀው ሻጋታውን በመድኃኒት አጠቡ፤ አየር ማውጫና ማድረቂያ ማሽን ተከሉ። ግድግዳው እስኪደርቅና እንደገና እስኪለሰን ድረስ አልጋው ምድር ቤት ወዳለው ሳሎን ወረደ፤ ሐኪሟም በዚህ ተስማማች። ቤሪል በየቀኑ ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልላ ጋገረችላቸው። አንደኛው "እናቴ ስትሞት ልጅ ያድርጉኝ" ሲላት ሰምቻለሁ። ነርሷም ናዲምም የምስጋና ካርድ ደረሳቸው፤ አሸንዳ የሰቀለው ሰው ሁለት።

ዊልፍን አምቡላንስ ያመጣው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አሸተተ።

"ቤቱ የሰው ቤት ሸተተ" አለ።

"ግባ አንተ ቀልደኛ፣ ብርድ ታስገባለህ!"

በከዘራው እየተመራ ገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ባለው አልጋ ላይ በቀኝ በኩል፣ ማለትም በራሱ ቦታ፣ ጋደም አለ። ትንፋሽ እንዳያጥረው ሦስት ትራስ ደርድራለት ነበር። አንዱን መለሰላት። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውንም። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት ቤሪል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ፣ በር ላይ ልትቀበለው የደረበችውን ካፖርት ሳታወልቅ፣ የዊልፍን ትንፋሽ ታዳምጥ ጀመር። ይገባል፤ ይወጣል። አያፏጭም።