በቴሌቪዥን የተቀበርኩበት እሑድ

ማክሰኞ ጠዋት ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል ፈሰሰ። እንደገና ጎረስኩ። እንደገና ፈሰሰ። ከዋዜማው ጀምሮ ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ያመኝ ነበር፤ ትራሱ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ግራው እኔ ነኝ። ቀኙ ወርዷል። ቀኝ ዓይኔን ልክደን ብል አልከደን አለኝ።

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ሆናችሁ ከተነሣችሁ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሙና ሐኪም ቤት ሂዱ። እኔ ያልሄድኩበትን ምክንያት ስትመለሱ ታነቡታላችሁ።

ያልሄድኩት ቀረጻ ስለነበረኝ ነው። ተዋናይ ነኝ። ያኔ እሑድ እሑድ በሚታይ ተከታታይ ድራማ ላይ ራሔል የምትባል ጠበቃ ሆኜ እሠራ ነበር። አሠራራችንን ለማያውቅ ልንገር፤ እሑድ የሚታየው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው በዚያው ሳምንት ነው። አንድ ሰው ከቀረ ሁሉም ይቆማል ይባላል። ስለዚህ ማንም አይቀርም። እናቱን ቀብሮ በማግስቱ ወደ ቀረጻ የመጣ ባልደረባ ነበረን፤ ጀግና ብለን አጨበጨብንለት። ያ ጭብጨባ አሁን ያሳፍረኛል።

ካራ ሰፈር ለቀረጻ ተከራይተነው ወደነበረው ቪላ ስደርስ ሜካፕ የምትሠራልን ሜሮን አየችኝና ብሩሿን አስቀመጠች።

«ምች ነው» አለች። «ምች መትቶሻል።»

ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች፤ በመዳፏ አሽታ ግንባሬንና ጉንጬን ቀባችኝ። መብራት የሚይዘውም ሾፌሩም ምች ነው አሉ። አንዱ «ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ ወጥተሽ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም አመንኩ። እውነቱን ልናገርና ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት፤ ምች ቀረጻ አያስቆምም።

ዳይሬክተራችን መጣ። አገጬን ይዞ ወዲህና ወዲያ አዞረኝ፤ ገበያ ላይ በግ የሚመርጥ ሰው ነበር የሚመስለው። «ግራሽ ምንም አልሆነም። በግራ እንሠራዋለን» አለ።

አራት ቀን በግራ ሠራን። ቀኙን በነጠላ ሸፈኑት። ጠበቃ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ፍርድ ቤት ስትከራከር ይህ ነገር አያስኬድም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አንደበቴ ሲያስቸግረኝ ንግግሬን አሳጠሩት። ዓርብ ዕለት አልከደን ያለው ዓይኔ ደም መሰለ።

ቅዳሜ ሜሮን ቤቴ ድረስ መጣች። «ዳማከሴው ይብቃ። ተነሽ፣ ልበሺ» አለችኝ። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ የነርቭ ስፔሻሊስት ነበሩ። ግንባርሽን አንሺ አሉኝ። የቀኙ አልተነሣም። ጥርስሽን አሳዪኝ አሉኝ። ግማሹን አሳየሁ። እጅና እግሬን መረመሩ።

«ስትሮክ አይደለም» አሉ። «ቤልስ ፓልሲ ይባላል። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ አብጧል። መቼ ጀመረሽ?»

«ማክሰኞ።»

ጽሕፈታቸውን አቆሙ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። እብጠቱን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በደንብ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስቱን ቀናት በግራ በኩል ተቀርጬባቸዋለሁ።

እንደዚያም ሆኖ መድኃኒቱን አዘዙልኝ። ለዓይኔ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባል ጠብታ ሰጡኝ፤ ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር እንድዘጋ፣ ስወጣ መነጽር እንዳደርግ ነገሩኝ። «አብዛኛው ሰው ይድናል። ያንቺ ሊዘገይ ይችላል» አሉ። ለዳይሬክተሩ ደውዬ ዕረፍት መታዘዜን ነገርኩት። «ጤናሽ ይቅደም፤ እኛ እናመቻቻለን» አለኝ። ደግ ሰው መስሎኝ አመሰገንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ኮተቤ የሚገኘው ቤቴ ውስጥ ከጎረቤቴ ከእትዬ ብርቄ ጋር ተቀምጬ ነበር። እትዬ ብርቄ ከቸርች ሲመለሱ ሾርባ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ በስትሮ እጠጣለሁ፣ እሳቸው ይጸልዩልኛል። ድራማው ጀመረ። ድንኳን ታየ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። መሐል ጠረጴዛ ላይ ፎቶ አለ። ፎቶው የኔ ነው።

ራሔል በመኪና አደጋ ሞታለች።

«በኢየሱስ ስም!» ብለው እትዬ ብርቄ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

አለቀስኩ። የግራ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚያለቅሰው።

ስደውል ዳይሬክተሩ አነሣ። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው ያልነገርንሽ» አለ። ያኔ ያጣሁትን ቃል አሁን አግኝቼዋለሁ፤ ነውር ነው። ፊቴን አራት ቀን ተጠቅመውበት፣ መዳኛዬን ሦስት ቀን በልተው፣ በፎቶዬ ዙሪያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ንዴት ለነርቭ አይጠቅምም ይላሉ ሐኪሜ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ግን በማግስቱ ከአልጋ ያስነሣኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም።

ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። ተዋናይ ነኝና ፊት ማዘዝ የማውቅ መስሎኝ ቤቴ ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጬ ለሰዓታት ፊቴን ሳጨማድድና ስስብ እውል ነበር፤ ሕክምናውን የምትሰጠኝ ሲስተር ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ይሄ ትወና አይደለም» አለችኝ። «ነርቭ በጉልበት አይመለስም። ጥቂት ጥቂት፣ ቀስ ብለሽ። ስታስገድጂው መንገዱን ይስታል።» ለውጡን እንድታይ በየሳምንቱ ቅዳሜ ያንኑ ንግግር በስልኬ እየቀረጽኩ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። የመረጥኩት ራሔል በፍርድ ቤት ልትናገረው የነበረውንና ያሳጠሩብኝን ንግግር ነበር፤ ያለ ነጠላ፣ ፊት ለፊት፣ ሙሉውን ተናገርኩት።

በሦስተኛው ወር ጉንጬ አየር መያዝ ቻለ፤ ቀጥሎ የከንፈሬን ጫፍ ዓሣ ቆንጠጥ ያደረገኝ መሰለኝና ተንቀሳቀሰ። ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ወደ እንጦጦ እወጣ ጀመር፤ ሰው የማይበዛበትን ቀጭን መንገድ መርጬ በባሕር ዛፉ መሐል ስሄድ ለማንም የማይታየውን ቀኝ ፊቴን ለነፋሱ ብቻ እሰጠው ነበር። አንድ ቀን ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ከፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ጠበቃዋ አይደለሽም?»

«ነበርኩ።»

«ሞተሽ የለም እንዴ?»

«አልሞትኩም፣ እማማ።»

ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ። «እኛ እኮ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስበን አልቅሰንልሻል! ካልሞትሽ ታዲያ እዚህ ዛፍ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሳቅሁ፤ ስስቅ ፊቴ ተጣመመ። እሳቸው ዓይናቸውን አላሸሹም። «ምን ነካው ፊትሽን?» አሉኝ። ከሕክምና ሰዎች በቀር ቀኝ ፊቴን እያየ ያነጋገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ነገርኳቸው። «ይሻልሻል» አሉና ሸክማቸውን ወደ ጀርባቸው መለሱ። «ግን ውረጂ፤ ሰው ሞተች ብሎ ይረሳሻል።»

ወረድኩ። የቆመ ሥራዬን እንዴት እንደማስነሣው ስጠይቅ መካሪ አልጠፋም። አንዱ ሕመምሽን እያለቀስሽ ቲክቶክ ላይ አውሪው፣ ሕዝብ ያዝንልሻል አለኝ። ሌላው ውጭ አገር ሄደሽ ተሠርተሽ ነይ አለኝ፤ የአውሮፕላኑን ትኬት ማን እንደሚከፍል ግን አላነሣም። አንድ ፕሮዲውሰር ቢሮው ድረስ አስጠርቶኝ «የመተተኛ ገጸ ባሕርይ አለችኝ፤ አንቺ ሜካፕም አያስፈልግሽ» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። በሩንም በኃይል ዘጋሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን እጄ አልታመመም።

መንገዱን ያገኘችው ሜሮን ናት። ለሲስተር የቀረጽኳቸውን ቪዲዮዎች እንድልክላት ለምና ወሰደች፤ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ላይ ፊልም ልትሠራ ለተዘጋጀች አንዲት ወጣት ዳይሬክተር አሳየቻት። ልጅቷ ጠራችኝ፣ ፈተነችኝ፣ እናሳውቅሻለን ብላ ሸኘችኝ። መልሱን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የድሮው ዳይሬክተሬ ነው።

«ሕዝቡ አስቸገረን» አለ። «ራሔል መንታ እኅት ነበረቻት፤ ከገጠር ትመጣለች። ከሰኞ ጀምሮ ትሠሪያለሽ።»

በእጄ ሌላ ሥራ የለም። ከታመምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አፌ እሺ ሊል ተከፍቶ ነበር።

«በየትኛው በኩል ነው የምትቀርጸኝ?» አልኩት።

«በግራ ነዋ! እንዲያውም ማንም አያውቅብሽም።»

«እንግዲያው ሞቼ ልቅር» አልኩና ዘጋሁበት።

ያደረግሁት ድፍረት ይሁን ጅልነት አላወቅሁም፤ ለዘጠኝ ቀንም አላወቅሁም። በዐሥረኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። ላምበረት የተጓዦችን ሻንጣ እየጠበቀች የምትኖር ሴት ሆኜ ሠራሁ። ትንሽ ሚና ናት፤ አራት ትዕይንት። የመጀመሪያው ቀን ካሜራ ማኑ ካሜራውን በግራዬ ሲተክል ዳይሬክተሯ ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው። ቀኝ ፊቴ አሁንም ከግራው ዘግይቶ ይስቃል፤ ስስቅም ዓይኔ ሳላዘው ይጠባል። ሲንካይኔሲስ ይባላል፤ ምናልባት አብሮኝ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ ለሥራ ተጠርቻለሁ፤ ሁለቱም ፊቴን አይተው ነው የጠሩኝ።

ሐኪሜን አመሰግናለሁ፤ ሲስተርን፣ እትዬ ብርቄንና ሾርባቸውን፣ ዳማከሴውን ቀብታ ስሕተቷን ለማመን ያላፈረችውን ሜሮንን አመሰግናለሁ። ጭራሮ የተሸከሙትን እናት ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ይቆጨኛል።

አሁን ምክሬ። ዓይናችሁን በጠብታ አርጥቡት፣ ስትተኙ ሸፍኑት። ፊታችሁን አታስገድዱት። ምች ነው የሚላችሁን ሰው አመስግኑትና ታክሲ ያዙ። ማክሰኞ ከጀመራችሁ ማክሰኞውኑ ሂዱ፤ ሥራ አለብኝ፣ እኔ ከቀረሁ ሁሉም ይቆማል አትበሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። በቀረሁ በሦስተኛው ሳምንት ድንኳን ተክለው ቀጠሉ።